ሚራማሬ ግንብ፣ ትሪየስቴ፦ ስንት ሰዓት ይበቃል? የዱክ ዳኦስታ ክፍሎችስ ይታያሉ?

ከሚላኖ_ተነሺ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። አራት ሆነን በፈረንጆቹ ኤፕሪል መጨረሻ ከሚላኖ ወደ ትሪየስቴ እንሄዳለን፤ ሁለት ሌሊት እናድራለን። ዋናው ጉዳያችን ሚራማሬ ግንብ ነው። ድረ ገጾቹ ላይ ያለው ሁሉ «ውብ ነው፣ ባሕር ዳር ነው» ከማለት አያልፍም። እኛ ማወቅ የምንፈልገው ይህን ነው፦ ውስጡን በወጉ ለማየት ስንት ሰዓት እንመድብ? ምኑን አስቀድመን እንይ? ዱክ ዳኦስታ ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት የኖረባቸው ክፍሎች ለጎብኚ ክፍት ናቸው? ዕቃውና የግድግዳው ጨርቅስ የያኔው ነው ወይስ ተመስሎ የተሠራ? ፎቶ ማንሳትስ ይቻላል? ጠንቅቃችሁ የምታውቁ ብትመልሱልን።

የሐዲዱ_ሰው (መልስ 1)

በመንገዱ ልጀምር። ከሚላኖ ሴንትራሌ አብዛኛውን ጊዜ ቬኔዚያ ሜስትሬ ላይ ባቡር ትቀይራላችሁ። ከሜስትሬ ትሪየስቴ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛው ባቡር ሬጆናሌ (በየከተማው የሚቆመው የክልል ባቡር) ከሆነና ትኬታችሁ የወረቀት ከሆነ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ፌርማታው ላይ ባለችው ትንሽ ማሽን አስመቱት። ሳይመታ ከተገኘ መቀጮ አለው፤ ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው ሳያውቅ የሚቀጣው በዚህ ነው።

ከሞንፋልኮኔ በኋላ በስተቀኝ ተቀመጡ። ባቡሩ ካርስቶ የሚባለውን የኖራ ድንጋይ አምባ ገደል ወገብ ይዞ ሲሄድ ባሕረ ሰላጤው ከታች ይዘረጋል፤ ግንቡ ራሱም ብቅ ይላል። ሚራማሬ የሚባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ አለ፤ ግን ሁሉም ባቡር ስለማይቆምበት እሱን ተማምናችሁ አታቅዱ። ትሪየስቴ ሴንትራሌ ወርዳችሁ ወደ ግሪኛኖ የሚሄደውን 6 ቁጥር አውቶቡስ ያዙ። የአውቶቡስ ትኬት «T» የሚል ምልክት ካለው ትምባሆ ቤት አስቀድማችሁ ግዙ።

መግቢያው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ከግሪኛኖ ወደብ በኩል ወደ ፓርኩ የሚያስገባው ነው፤ ዳገትና ደረጃ አለው። ሁለተኛው ቢቪዮ ከሚባለው ፌርማታ ወርዶ የባሕሩን ጠርዝ ይዞ መሄድ ነው፤ ሜዳ መንገድ ነው፣ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ ይወስዳል። በሁለተኛው ግቡ፣ በመጀመሪያው ውጡ። በባሕሩ በኩል ስትመጡ ነጩ የኢስትሪያ ድንጋይ ቀስ በቀስ እየቀረባችሁ ይመጣል፤ ግንቡ የተሠራውም ከባሕር እንዲታይ ነው።

ኤፕሪል 25 እና ሜይ 1 የጣሊያን በዓላት ስለሆኑ በነዚያ ቀናትና በመሀላቸው ሕዝቡ ብዙ ነው። የምትችሉ ከሆነ ማክሰኞን ወይም ረቡዕን ምረጡ።

ካሊግራ (መልስ 2)

ስለ ትኬቱ ልጨምር። ግንቡ የመንግሥት ሙዚየም ስለሆነ የመንግሥት ሙዚየሞች ደንብ ይሠራበታል፦ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ የማንም አገር ዜጋ ቢሆን በነፃ ይገባል፤ ከ18 እስከ 25 ዓመት የሆነ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ 2 ዩሮ ይከፍላል፤ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ለሁሉም ነፃ ነው። መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ያዙ፤ ዕድሜና ዜግነት በቃል አይቆጠርም። ነፃዋን እሑድ ግን አልመክርም፤ ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፣ ሰዉ በሰልፍ ስለሚነዳ ቆም ብሎ ማየት አይቻልም። 22 ሄክታሩን ፓርክ ለመግባት ምንጊዜም ክፍያ የለም።

ለውስጡ ሁለት ሰዓት፣ ለፓርኩ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ። ሲከፈት ግቡ፤ ሰሌዳው ላይ 9:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በባሕሩ በኩል ዝቅ ትልና በመስኮቶቹ ትገባለች፤ ያኔ የተወለወለው እንጨትና የሥዕሎቹ ቫርኒሽ ስለሚያብረቀርቅ ሥዕሉን ትታችሁ ብርሃኑን ነው የምታዩት።

ወለል_በወለል (መልስ 3)

ወደ ክፍሎቹ ልግባ። ሚራማሬን አንድ ቤት አድርጎ የሚያይ ሰው ግራ ይጋባል። ሦስት ቤት ነው፣ ሦስት ዘመን። ይህን ይዛችሁ ከገባችሁ ቅደም ተከተሉ በራሱ ይመጣል።

የመጀመሪያው ቤት ምድር ቤቱ ነው። ያሠራው ማክሲሚሊያን የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት የፍራንዝ ዮሴፍ ታናሽ ወንድምና የባሕር ኃይሉ አዛዥ ነበር። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1856 ነው። መሐንዲሱ ካርል ዩንከር ይባላል፤ የውስጡን ጌጥና ዕቃ የሠሩት የቪየናዎቹ ፍራንዝ ሆፍማንና ልጁ ዩሊየስ ናቸው። በ1860 የገና ዋዜማ ማክሲሚሊያንና ሚስቱ የቤልጅግ ልዕልት ሻርሎት ምድር ቤቱ ውስጥ ገቡ፤ ላይኛው ፎቅ ገና አናጢ የሞላበት ነበር።

መኝታ ቤቱና የሥራ ክፍሉ «ኖቫራ» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ የነበረችውን የአዛዡን ክፍል መስለው ነው የተሠሩት። እዚህ የምትሠሩት አንድ ነገር አለ፦ ከመግባታችሁ በፊት የመጣችሁበትን ክፍል ኮርኒስ ከፍታ አስተውሉ፤ ከዚያ ስትገቡ ቀና በሉ። ኮርኒሱ ዝቅ ይላል፣ እንጨቱ ከጎንም ከላይም ያቅፋችኋል። ዝቅታው የቦታ ማነስ አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ሰውየው መሬት ላይ ሆኖም መርከብ ውስጥ መተኛት ፈልጎ ነበር። ብዙ ጎብኚ አልጋውን ፎቶ አንስቶ ያልፋል፣ ኮርኒሱን ሳያይ።

ቤተ መጻሕፍቱ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት በመደርደሪያቸው አሉ፤ የሆሜር፣ የዳንቴ፣ የሼክስፒርና የጎተ ሐውልቶች ከደረት በላይ ተቀርጸው ቆመዋል። አራቱ በአራት ቋንቋ የጻፉ ናቸው፤ ባለቤቱ ራሱን እንደምን ያለ ሰው አድርጎ ማሳየት ይወድ እንደነበር ይነግሯችኋል። የሻርሎት የሙዚቃ ክፍልም በዚሁ ወለል ነው።

ሁለተኛው ቤት አንደኛ ፎቅ ነው። ማክሲሚሊያን የሜክሲኮን ዘውድ የተቀበለው እዚሁ ሚራማሬ ውስጥ ኤፕሪል 10 ቀን 1864 ነው፤ በአራተኛው ቀን ከሻርሎት ጋር በኖቫራ ተሳፍሮ ሄደ። ጁን 19 ቀን 1867 ኬሬታሮ ላይ በጥይት ተገደለ። አስከሬኑን ወደ ትሪየስቴ የመለሰችውም ያችው ኖቫራ ናት፣ በጃንዋሪ 1868። የላይኛው ፎቅ ያለቀው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀዩን የግድግዳ ጨርቅ፣ የንጉሠ ነገሥቱን ምልክቶች፣ የዙፋኑን አዳራሽ ስታዩ፣ ያሠራው ሰው ያላየውን ቤት ነው የምታዩት። ምድር ቤቱ የመርከበኛ ቤት ነው፤ ፎቁ የማዕረግ ቤት ነው።

ቼዛሬ ዴልአኩዋ የሳላቸውን ትልልቅ ሥዕሎች በቅደም ተከተላቸው እዩ፤ የስፍራውን ታሪክና የባልና ሚስቱን ወደ ሜክሲኮ ጉዞ ይተርካሉ። የነፋስ ጽጌረዳ የሚባለው ክፍል ኮርኒስ ላይ ደግሞ ውጭ ካለው የነፋስ ጠቋሚ ጋር የተያያዘ ሰሌዳ አለ። መርከበኛ መስኮት ሳይከፍት ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እንዲያውቅ ነው።

ሦስተኛው ቤት የጠየቃችሁት የዱኩ ነው። እሱን የሚያውቅ ሰው እዚህ አለ፤ ለእሱ ልተወው።

አምባ_33 (መልስ 4)

ክፍት ነው፤ በዚያው ትኬት፣ እዚያው አንደኛ ፎቅ ላይ ይታያል። ለብቻው መግቢያ የለውም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሰዉ ከቀዩ አዳራሽ ወጥቶ እዚህ ሲደርስ «የሚታይ ነገር አልቋል» ብሎ ያልፋል።

ዱኩ፣ ስሙ አሜዴዮ፣ እዚህ የኖረው በፈረንጆቹ ከ1930ዎቹ መግቢያ እስከ 1937 ነው። አባቱ በ1931 ሲሞት ሦስተኛው የአኦስታ ዱክ ሆነ። ሥራው እዚያው አካባቢ ነበር፤ በአየር ኃይል ሲያገለግል የነበረበት ጎሪዚያ ቅርብ ነው። ከሚስቱ ከአና ዶርሌዓንና ከሴት ልጆቹ ጋር ሲገባ ያን ሁሉ የሐብስቡርግ (የኦስትሪያ ንጉሣውያን ቤተሰብ) ጌጥ ትቶ የራሱን ክፍሎች በዘመኑ ስልት አስጌጠ፤ ጣሊያኖቹ ራሲዮናሊዝሞ ይሉታል። ቅርጻ ቅርጽ የለም፣ ወርቅ የለም፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ሰፊ ለስላሳ የእንጨት ገጽ፣ ጥቂት ዕቃ። አዲስ አበባ ወይም አስመራ ያደገ ሰው ይህን ስልት ወዲያው ያውቀዋል፤ በዚያው አሥር ዓመት ጣሊያኖች በሁለቱም ከተሞች የሠሯቸው ሕንፃዎች የዚሁ ዘመን ልጆች ናቸው።

በፈረንጆቹ 1937 መጨረሻ ግራዚያኒን ተክቶ የንጉሡ እንደራሴ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለውን እናውቃለን፦ ግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ፤ ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ ላይ ሳለ በሳንባ ነቀርሳና በወባ ሞተ፤ መቃብሩ ኬንያ፣ ኒዬሪ ባለው የጣሊያኖች መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሞተበት ቀን በፈረንጆቹ ማርች 3 ቀን 1942 ነው፤ በእኛ የካቲት 24 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ የዓድዋ በዓል ማግስት።

እዚያ ቆማችሁ የምታስቡት የእናንተ ነው። ግን ክፍሎቹን ዘላችሁ አትለፉ። የኢትዮጵያ ታሪክ በዚያ ግንብ ውስጥ የሚነካው ስፍራ ይኸው ነው።

ደጀን (መልስ 5)

«እጁን ሰጠ» ስንል ለማን? ለእንግሊዝ ብቻ ተደርጎ ስለሚነገር ነው የምጠይቀው።

አምባ_33 (መልስ 6)

የእጅ መስጠቱ ስምምነት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ነው፤ የወታደራዊ ክብር ሥነ ሥርዓትም ተደርጎለታል። ነገር ግን አምባላጌን ከከበቡት መካከል የራስ ሥዩም መንገሻ ተዋጊዎች ነበሩ። ይህ መጥፋት የለበትም። ጣሊያንኛ ጽሑፎች ላይ «ኤሮዬ ዴል አምባ አላጂ» ማለትም «የአምባላጌው ጀግና» የሚለውን ስሙን ደጋግማችሁ ታገኛላችሁ። ለእኛ አምባላጌ የኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ስም ነው፤ የራስ መኰንን ጦርና ፊታውራሪ ገበየሁ ሻለቃ ቶዜሊን ድል ያደረጉበት። አንድ ተራራ፣ ሁለት ጊዜ። ከልጆች ጋር የሚሄድ ወላጅ ይህን ቀድሞ ቢነግራቸው ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ የሚያዩት ነገር ይለወጣል።

አስጎብኚዎች የሚያወሩት አፈ ታሪክም አለ፦ ሚራማሬ ያደረ ሰው በሰው አገር ይሞታል ይላሉ። የማክሲሚሊያንና የአሜዴዮ አሟሟት እውነት ነው፤ የቀረው ተረት ነው፣ እንደ ተረት ስሙት።

የሐር_ክር (መልስ 7)

ዕቃውና ጨርቁ የያኔው ነው ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ ቃል አይደለም። በመጀመሪያ የዕቃውን ጉዞ ተከተሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዕቃው ወደ ቪየና ተወሰደ፤ ወደ ጣሊያን የተመለሰው በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው፤ በ1929 ለሕዝብ ተከፈተ። ከዚያ ዱኩ ገባ። ከ1943 እስከ 1945 ጀርመኖች ያዙት፤ በሜይ 1945 የኒውዚላንድ ወታደሮች ገቡ፤ ከእነሱ በኋላ እንግሊዞች፣ ቀጥሎም አሜሪካኖች እስከ 1954 ድረስ ማዘዣ አደረጉት። ሙዚየም ሆኖ እንደገና የተከፈተው በ1955 ነው።

ከዚህ ምን እንረዳለን? አብዛኛው ዕቃ እውነተኛ ነው፤ አቀማመጡ ግን እንደገና የተዘጋጀ ነው። ወንበሩ የ1860ዎቹ ሊሆን ይችላል፣ እዚያ ጥግ መቀመጡ ግን የሙዚየም ባለሙያ ውሳኔ ነው። ታደሰ የተባለ ግንብ ሁሉ እንዲህ ነው።

አሁን እጅ ሳትነኩ በዓይን ብቻ የምትለዩባቸውን ነገሮች ልዘርዝር። ለሚራማሬም፣ ለሌላ የጣሊያን ግንብም ያገለግላሉ።

የግድግዳ ጨርቅ፦ የድሮ የእጅ ሸማኔ የሚያወጣው ዳማስክ (ንድፉ በሽመናው የሚወጣ ጨርቅ) ወርዱ 50 ወይም 55 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የዛሬው ፋብሪካ 130 እስከ 140 ያወጣል። ስለዚህ ስፌቱን ፈልጉ። ስፌት በየግማሽ ሜትሩ ከሆነ ወርዱ የድሮ ነው፤ በየሜትር ከሠላሳው ከሆነ አዲስ ጨርቅ ነው። ንድፉ በስፌቱ ላይ ሳይሰበር መቀጠሉን እዩ፤ የጥሩ እጅ ምልክቱ ይኸው ነው። ቀጥሎ በመስኮቱ አጠገብ ያለውን ጨርቅና ከመስኮት የራቀውን አነጻጽሩ። እውነተኛ አሮጌ ሐር በብርሃን በኩል ይገረጣል፤ ክርም ይሰነጣጠቅበታል። ሥዕል ተሰቅሎበት የነበረ ቦታ ደግሞ ቀለሙን ይዞ ይቀራል፣ የክፈፉ ጥላ ይታያል። ዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ደማቅ ከሆነ በቅርብ የተሸመነ ነው።

ወርቅ ቅብ፦ ጥሩ የድሮ ቅብ ሥሩ ቀይ ሸክላ መሳይ ልባስ አለው። ከፍ ባሉት ጫፎች፣ አቧራ ጠራጊ ለዘመናት ባሸው ቦታ፣ ወርቁ ሳስቶ ቀዩ ይወጣል። የወርቅ ቅጠሉ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ካሬ ስለሆነ በጎን ብርሃን ሲታይ የተደራረበበት ቀጭን መስመር ይታያል። ጠቁሮ አረንጓዴ ቡናማ የመሰለ ጌጥ ካያችሁ ወርቅ አይደለም፤ የነሐስ ዱቄት ቀለም ነው፣ በኋላ የተቀባ።

የግድግዳ ሥዕል፦ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ቀጫጭን ቁልቁል የተሰመሩ መስመሮች የሞሉት ቦታ ካለ፣ ያ ጠፍቶ በባለሙያ የተሞላ ክፍል ነው። ትራቴጆ ይባላል፤ በ1940ዎቹ ሮም በሚገኘው የእድሳት ማዕከላዊ ተቋም በቼዛሬ ብራንዲ ዘመን የተጀመረ ዘዴ ነው። ሁለት ሜትር ርቃችሁ ስትቆሙ መስመሮቹ ይዋሃዱና ሥዕሉ ሙሉ ይሆናል፤ ስትቀርቡ ግን አዳሹ እጁን አይደብቅባችሁም። እኔ ከሁሉ የማከብረው የሙያ ሐቀኝነት ይህ ነው። ያለ ምልክት ያስመሰለ አዳሽ ለዓይን ያምራል፣ ግን ታሪኩን ያበላሻል።

እብነ በረድ፦ ብዙ ጊዜ የምታዩት ዓምድ ስካሊዮላ ነው፤ ጂፕሰም ከሙጫና ከቀለም ጋር ተለውሶ፣ ደርቆ የተወለወለ። እውነተኛ ድንጋይ በተቆረጠበት ጥግ ላይ መጋጠሚያ አለው፤ ስካሊዮላ ጥግ ዞሮም መጋጠሚያ የለውም። የተላጠበት ቦታ ካለ ውስጡ ነጭ ዱቄት ነው።

እንጨት፦ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ቀዳዳዎች የነቀዝ መውጫ ናቸው። ቀዳዳው ጠቁሮ ንጹሕ ከሆነ ነቀዙ ድሮ ሞቷል። ከሥሩ ወለሉ ላይ አዲስ ነጣ ያለ ዱቄት ካያችሁ ሕያው ነው፤ ለጠባቂው ብትነግሩ ውለታ ነው።

ሸማኔው (መልስ 8)

የሐር ክር፣ በጣም ጥሩ ነው። ስለ ወርዱ አንድ ማስተካከያ ብቻ። ጣሊያን ውስጥ እስከ ዛሬ በድሮው የእጅ መሸመኛ፣ በድሮው ወርድ የሚሠሩ ቤቶች አሉ፤ የሙዚየም ትእዛዝ ሲመጣ በዚያው ነው የሚሸምኑት። ስለዚህ ጠባብ ወርድ ብቻውን «አሮጌ ነው» አያሰኝም። ሰፊ ወርድ ግን «አዲስ ነው» ያሰኛል። ዋናው ፈተና የቀለሙ አገራረጥ ነው፣ አንተም ብለኸዋል።

ሌላው፣ ጠርዙን የያዘውን ጌጠኛ ጥለት ተመልከቱ። ጨርቁ የሚቸነከረው በእንጨት ፍሬም ላይ ነው፤ ጥለቱ ሚስማሩን ይሸፍናል። ጥለቱ አዲስ ሆኖ ጨርቁ ከገረጣ፣ ጨርቁ ተነቅሎ ታጥቦ ተመልሷል ማለት ነው።

የሐር_ክር (መልስ 9)

ልክ ነህ ሸማኔው፣ እቀበላለሁ። ጥለቱን ረስቼው ነበር።

ጨለማው ሊያሳዝናችሁ ስለሚችል ምክንያቱን ላስቀምጥ። ለሐርና ለቀለም የሚፈቀደው ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ ነው፤ ደብዛዛ ሳሎን ማለት ነው። የብርሃን ጉዳት አይሽርም፣ ይጠራቀማል። ባሕር ዳር ሲሆን ደግሞ ጨው አለ። ጨው እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ከፍ ዝቅ ሲል እንጨቱ ይነፋና ይሸበሸባል፣ ላዩ ላይ የተለበጠው ስስ እንጨት ይላቀቃል። መስኮቱ ተዘግቶ መጋረጃው የወረደው ለዚህ ነው። ከገባችሁ በኋላ ዓይናችሁ እስኪለምድ ሁለት ሦስት ደቂቃ ስጡት፤ ከደማቅ ባሕር የመጣ ዓይን መጀመሪያ ምንም አያይም።

ሌንስ (መልስ 10)

ፎቶ፦ በፈረንጆቹ ከ2014 ጀምሮ በጣሊያን የመንግሥት ሙዚየሞች ለግል ጥቅም ማንሳት ይፈቀዳል፤ ፍላሽና ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ግን አይፈቀድም። ለጊዜው የመጣ ኤግዚቢሽን ካለ የራሱ ክልከላ ሊኖረው ስለሚችል በር ላይ ያለውን ምልክት እዩ።

ስልኩ በራሱ ፍላሽ እንዳያበራ ከመግባታችሁ በፊት ዝጉት። መስኮት በምስሉ ውስጥ አታስገቡ፤ ካስገባችሁ ክፍሉ ይጠቁራል ወይም መስኮቱ ነጭ ጉድጓድ ይሆናል። መስኮቱን ከኋላችሁ ወይም ከጎናችሁ አድርጉ። ደማቁ ቦታ ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። የሌሊት ሁነታ አንድ ሁለት ሴኮንድ ስለሚፈልግ ክርናችሁን ከጎድናችሁ አጣብቁ፣ ትንፋሽ ያዙ፤ ግድግዳውን ወይም የበሩን ክፈፍ አትደገፉ። ኮርኒስ ለማንሳት ስልኩን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ደረት ላይ ያዙት፤ እጅ ተዘርግቶ ከሚነሳው ይልቅ ቀጥ ይላል።

ቦርሳ ከጀርባ አታንጠልጥሉ፣ ፊት ለፊት ያዙት። ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲዞሩ የሚመታው ቦርሳው ነው። ሹል ተረከዝ ያለው ጫማም ተዉት፤ የሰውነት ክብደት በአንዲት ጣት ስፋት ላይ ሲያርፍ የፓርኬውን እንጨት ይሰረጉደዋል።

ከሚላኖ_ተነሺ (መልስ 11)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይህን ያህል አልጠበቅንም። ሁለት ነገር ቀረን። ሁለተኛውን ቀን ዱኢኖ ግንብ ብንሄድ ከሚራማሬ ጋር አይደጋገምም? ነፋስ ቢነሳስ?

ወለል_በወለል (መልስ 12)

አይደጋገምም፤ እንዲያውም ሚራማሬን ይበልጥ ያስረዳችኋል። ዱኢኖ ዛሬም የቤተሰብ ንብረት ነው፤ ባለቤቶቹ የዴላ ቶሬ ኤ ታሶ መሳፍንት ናቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ ለሕዝብ የተከፈተው በፈረንጆቹ 2003 ነው። ሚራማሬ ባለቤት የሌለው፣ በሙዚየም ባለሙያ የተደረደረ ቤት ነው። ዱኢኖ ውስጥ የቤተሰብ ፎቶዎች፣ ደብዳቤዎች፣ ሙዚቀኛው ሊስት የተጫወተበት ፒያኖ ከትውልድ ትውልድ ሲጠራቀም የኖረ ዕቃ ሆኖ ታዩታላችሁ። የመሐንዲሱ የፓላዲዮ ሥራ ነው የሚባለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ከታች ቆማችሁ ቀና ብላችሁ እዩት።

የግል ስለሆነ ከላይ የተነገረው የነፃና የ2 ዩሮ ደንብ እዚያ አይሠራም። ዓመቱን ሙሉም አይከፈትም፤ ቀኑን አረጋግጡ። ከዚያ እስከ ሲስቲያና በገደሉ ጫፍ የሚሄደው የሪልኬ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድንጋዩ የካርስቶ ኖራ ድንጋይ ነው፣ ስለት አለው፤ ስስ ሶል ያለው ጫማ አይሆንም።

ካሊግራ (መልስ 13)

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ፤ ከሚላኖ ለሚኖር ሰው ይጠቅማል። ፒዬሞንቴ ውስጥ፣ ሳሉዞ አጠገብ፣ ማንታ የሚባል ግንብ አለ፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ፋይ በተባለው የቅርስ ድርጅት እጅ ነው። የባሮኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሳሉ ዘጠኝ ጀግኖችና ዘጠኝ ጀግና ሴቶች አሉ። ከሴቶቹ የአንዷ ስም «ኤቲዮፔ» ይላል። የሐር ክር ያስተማረንን ትራቴጆ ለመፈለግም ከዚህ የሚሻል ግድግዳ የለም።

የሐዲዱ_ሰው (መልስ 14)

ስለ ነፋሱ። ቦራ ይባላል፤ ከምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከካርስቶ አምባ ወደ ባሕሩ ተወርውሮ የሚወርድ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። የሚበረታው በክረምት ነው፤ ሲያይል በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በኤፕሪል መጨረሻ እምብዛም ነው፣ ግን አይቀርም አይባልም። ሲበረታ ዛፍ ስለሚጥል ፓርኩ ይዘጋል። ስለዚህ ሚራማሬን ለመጀመሪያው ቀን አድርጉት፤ ቢዘጋ ሁለተኛ ቀን ይተርፋችኋል። ጠዋት ከማደሪያችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የሙዚየሙን ገጽ እዩ።

ፓርኩ ውስጥ ስትሄዱ የምትረግጡትን አፈር አስቡት። ያ ቋጥኝ ድሮ ራቁት የካርስቶ ድንጋይ ነበር፤ አፈሩ ከስቲሪያና ከካሪንቲያ ተጭኖ መጥቶ የተደለደለ ነው። ከትንሿ መርከብ ማቆሚያ ጫፍ ላይ ባሕሩን የምታይ የግብፅ ስፊንክስ አለች፣ ከቀይ ግራናይት የተጠረበች። እዚያ ድረስ ሂዱና ዞር በሉ፤ ማክሲሚሊያን በመጨረሻ ቀኑ ከጀልባው ያየው የግንቡ ፊት እሱ ነው።

ደጀን (መልስ 15)

ኦክቶበር ላይ ለሚያቅዱ ደግሞ፦ የወሩ ሁለተኛ እሑድ ባርኮላና የሚባለው የጀልባ ውድድር አለ። በዚያ ሰሞን ማደሪያ ጭንቅ ነው፣ 6 ቁጥርም የባሕሩን መንገድ በግድ ነው የሚያልፈው።